በአጥሩ ላይ ያሉት እጆች

ሰሌዳው የተሰቀለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሜልበርን ውስጥ፣ አስኮት ቬል ላይ ከትራም ወርዶ ወደ ፍላቶቹ፣ ወደ መንግሥት የኪራይ ቤቶቹ፣ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር፤ ከአጥሩ ቁመት የሚበልጥ፣ ባለ ቀለም፣ ዝናብ የማይጎዳው። ፎቶው ላይ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ጋሽ አብዱልቃድር ከፊት ናቸው፣ እትዬ ማንተግቦሽ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው የሁለተኛው ብሎክ ሰዎች በሙሉ። ሁሉም እጃቸውን አንሥተዋል። ከሥሩ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ነዋሪዎቹ መረጡ፤ አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ሕይወት» ተብሎ ተጽፏል።

የእኔ ሥራ ማየት ነው። ግድግዳ አያለሁ። ስንጥቁ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ እርጥበቱ ከጣሪያ ይምጣ ከመሬት፣ ጡቡ ገና ይሥራ ወይስ ያለቀለት ይሁን መርምሬ የምናገር መሐንዲስ ነኝ። ስለዚህ ፎቶውንም እንደ ግድግዳ ቆሜ አየሁት። ድምፅ ለመስጠት እጁን የሚያነሣ ሰው አንድ እጅ ነው የሚያነሣው። ክንዱ ከጆሮው በላይ ይወጣል፣ መዳፉ ወደ ፊት ይዞራል፣ ዓይኑ የሚቆጥረውን ሰው ይፈልጋል። ሰሌዳው ላይ ያሉት ግን ሁለቱንም እጃቸውን ነው ያነሡት። ክርናቸው ከጎናቸው አልራቀም። መዳፋቸው ውሃ እንደሚቀበል ሰው ወደ ራሳቸው ዞሯል። ግማሾቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የት አገር አለ?

ዱዓ ላይ ነበሩ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ዱዓው የተደረገው ደግሞ ሰሌዳው ለሚያወራለት ነገር አልነበረም። ቤቶቹ እንዳይፈርሱ ነበር።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሊያንግ ሱዊን ማን እንደሆነች መናገር አለብኝ። የምሠራበት የአርክቴክቶች ድርጅት ውስጥ ዋና ነዳፊያችን ናት። ተወልዳ ያደገችው ቻይና ውስጥ፣ ዉሃን ከተማ ነው። ተመርቃ መጀመሪያ የተቀጠረችበት ቢሮ አሮጌ ሰፈር እያነሣ በቦታው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሚተክል ነበር። አንድ ቀን ከሰጧት ካርታ ላይ የወላጆቿን መንደር አገኘችው፤ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ይመስል ነጭ ባዶ ተደርጎ። በዚያ ጊዜ የሚፈርስ ቤት ግድግዳው ላይ በክብ ውስጥ «ይፍረስ» የሚል አንድ ፊደል ይቀባበት ነበር። ቤት ስትሄድ አባቷ ያንን ፊደል በሽቦ ብሩሽ ሲፈትግ ደረሰች። «ቀለሙ አልለቀቀም፤ ጡቡ ግን ለቀቀ» ብላ ነግራኛለች።

ከዚያ ወዲህ የማፍረሻ ፕላን ነድፋ አታውቅም። ሜልበርን መጥታ እንደገና ተማረች። አሮጌ የሱፍ መጋዘን ወደ መኖሪያ ቀየረች፤ የተዘጋ የብስኩት ፋብሪካ የሕፃናት መዋያ አደረገች። ባለው ነገር መሥራት፣ ሰውን ከቦታው ሳይነቅሉ ቦታውን ማደስ፣ ይህ ነው ሙያዋ። ሽልማት ተሸለመች። ስሟ ያለበት ፕላን የማዘጋጃ ቤት ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ሰዎች ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ድርጅታችን የቀጠራትም ለዚህ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ዳንከን የአስኮት ቬልን ሥራ ሲሰጣት እኔ ግድግዳ እንድመረምርላትና እንዳስተረጉምላት አብሬ ተመደብኩ።

አሠራሯ ለየት ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት እርሳስ አትይዝም። ሰው ቤት ገብታ ትቀመጣለች፤ ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ ልጅ የት እንደሚያጠና፣ ፀሐይ የትኛውን ወንበር እንደምትወድ ታያለች። አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች፤ ቤቱን እንዳያዘጋጁላት።

እሱ ነገር አልተሳካም። እትዬ ማንተግቦሽ ቤት ስንደርስ የበረኪናው ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለን። ውስጥ ስንገባ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እንደ ሰሃን ታጥቧል።

«እትዬ፣ አያጽዱ ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«እንግዳ እየመጣብኝ? ሻጋታውን ነይና እይልኝ ልበላት? ምን ያሳደጋት ናት ትበለኝ?»

ለሱዊን ተረጎምኩላት። «ማየት የፈለግሁት የታመመውን ግድግዳ ነበር» አለች።

«ንገሪያት» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ ትራሱን እያስተካከሉላት፣ «በሽተኛም ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ይታጠባል። ደግሞ ብርቱካን ልላጥላት፤ ቁጭ ብላ ግድግዳ ስታይ ሆዷ ምን ይላል?»

ሱዊን ሳቀች። እናቷም እንዲሁ እንደምታደርግ ነገረችን። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ግድግዳው ታጥቦ ነበር። እኔ የእርጥበት መለኪያዬን በቁም ሣጥኑ ኋላ አስገብቼ ነው እውነቱን ያገኘሁት። ውሃው ከውጭ የሚገባ አልነበረም። የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ሻጋታው ከዚያ ነው የሚመጣው። ጡቡ ጤነኛ ነው። መሠረቱ አልተንቀሳቀሰም። ሕንፃዎቹ ያጡት ካፖርት ነው።

ሱዊን ካፖርቱን ነደፈች። ከውጭ ሙቀት የሚይዝ ልባስ፣ ከጠባቧ በረንዳ ፈንታ ፀሐይ የሚገባበት ባለ መስታወት ክፍል፣ በውጭ በኩል የሚቆም ሊፍት። ጋሽ አብዱልቃድር ታክሲ መንዳት ያቆሙት ጉልበታቸው ስለከዳቸው ነው፤ የሚኖሩት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱን በሥዕሉ ላይ ሲያዩ ጣታቸውን ከታች እስከ ላይ አንዴ፣ ከላይ እስከ ታች አንዴ አስኬዱትና «ደረስኩ» አሉ። ባዶው ብሎክ መጀመሪያ ይታደሳል፤ ከዚያ የጎረቤቱ ሰዎች ወደዚያ ይዛወራሉ፤ ከዚያ የነሱ ብሎክ ይታደሳል። አንድም ቤተሰብ ከሰፈሩ አይወጣም።

ፕላኑ ሲያልቅ ጋሽ አብዱልቃድር «ይህን የመሰለ ነገር ያለ ዱዓ አይጀመርም» አሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በአገራቸው ዱዓ የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው። በፍላቶቹ የመሰብሰቢያ ክፍል ሰው ሁሉ ተጠራ። እትዬ ማንተግቦሽ ሰንሻይን ዌስት ካለው የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው በቀጥታ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ እኔ አሜን የምለው በኢየሱስ ስም ነው። አንቱ በፈለጉት ይምሩ።»

«አሜን በይ እንጂ ማንተግቦሽ፣ አድራሻውን እሱ ያውቀዋል።»

ሱዊንን ከፊት ረድፍ ዳር አስቀመጧት። ጋሽ አብዱልቃድር መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ። እሷም ግራና ቀኝ አይታ ዘረጋች። «እጅሽ የነካው ይለምልም። ያቆምሽው ይቁም። ቤታችንን እንዳሰብሽልን ላንቺም ቤት ይታሰብልሽ።» አሚን ሲባል አሜንም አብሮ ተሰማ። ዳንከን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። የድርጅቱ ፎቶ አንሺ ወንበር ላይ ወጥቶ አነሣ።

ከዚያ ያ ሁሉ ተገለበጠ። የቤቶቹ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ከአንድ የግል አልሚ ጋር ተስማማ። መሬቱ ለከተማው ቅርብ ነው፣ ትራም በሩ ላይ ይቆማል። ሁሉም ብሎክ ይፈርስና ረጃጅም ፎቅ ይሠራበታል፤ የሚበዛው ለሽያጭ ነው። ሰዎቹ «ለጊዜው» ከከተማው ዳር ወዳሉት ክሬጊበርንና ሌላም ቦታ ይበተናሉ። ዳንከን አዲሱን ፕላን ለሌላ ቡድን ሰጠ። ሽፋኑ ላይ ግን የሱዊን ስም እንዳለ ቀረ። የፕላን ኮሚቴው ለማጽደቅ የነዋሪዎች ስምምነት ያስፈልገው ስለነበር ያንን ፎቶ የስምምነት ማስረጃ ብለው አስገቡት፤ አጥሩም ላይ ሰቀሉት።

ሱዊን ይህን ሁሉ ያወቀችው እኔ ሰሌዳውን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ስልክላት ነው። በቀጥታ ዳንከን ቢሮ ገባች፤ ተከተልኳት።

«እጃቸውን አንሥተዋል» አለ ዳንከን።

«እየጸለዩ ነበር» አልኩ።

«ለምን?»

«ቤታቸው እንዲቆም።»

«ቤት እንዲኖራቸው። ቤት ይኖራቸዋል።» ለስላሳ ድምፅ አለው፤ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። «ሱዊን፣ ሐሙስ ኮሚቴው ፊት አንቺ ነሽ የምታቀርቢው። የሚሰሙት አንቺን ነው። ከዚያ በኋላ በድርጅቱ ውስጥ ስለሚኖርሽ ሽርክና እንነጋገራለን፤ ይገባሻል።»

«የኔስ ፕላን?»

«የድርጅቱ ፕላን ነው። በድርጅቱ ጊዜ ነው የተነደፈው። ሌላ ቦታ ልትጠቀሚበት አትችዪም፤ እንደምታውቂው።»

ደሜ ፈላ። ሰውየው ውሸት እንኳ አልተናገረም። እጃቸውን አንሥተዋል፣ ቤት ይኖራቸዋል፣ ፕላኑ የድርጅቱ ነው። አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም ጡብ ጤነኛ ነው፤ የቆመው ቤት ግን የሌባ ቤት ነው። ሱዊን በሩን ከፍታ ወጣች። አለመቃወሟ አበሸቀኝ፤ ሽርክናውን እያሰበች መሰለኝ።

ከሰዓት ወደ ፍላቶቹ ሄድኩ። ጋሽ አብዱልቃድር ከሰሌዳው ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ መጠበቂያ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ማንተግቦሽ ቆመዋል። የጋሼ የልጅ ልጅ ኒስሪን ከዩኒቨርሲቲ ቀለም መርጫ ይዛ መጥታ ከአያቷ ጋር እየተከራከረች ነው፤ እሳቸው በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ።

«ላጥፋው ነው የምትለኝ» አሉኝ። «የሚጠፋው እኮ የኔ ፊት ነው! ዘመኔን ሙሉ ንጹሕ ፊት ይዤ ኖሬ በስተርጅና የልጅ ልጄ ቀለም ትቀባኝ?»

ኒስሪን ቆርቆሮውን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

«ቻይናዋ ሸጠችን፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ። «ብርቱካን ልጬ ያበላኋት!»

«አልሸጠችም» አልኩ። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

«ከሸጠች ዱዓውን መልሱልን። ጋሼ፣ ዱዓ አይመለስም?»

ጋሽ አብዱልቃድር ጉልበታቸውን እያሹ አሰቡ። «ዱዓ እንደ ብድር ዕቃ አይደለም። አንዴ ከወጣ ወጣ። እኔ የነደደኝ ቤቱ አይደለም፤ ቤት ይሰጣል ይነሣል። ለአላህ የዘረጋሁትን እጅ ወስደው ለግምበኛ እንደዘረጋሁት አደረጉት። ይህን ደፍሮ የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል? ስም አለው?»

ንዴቴን የማደርግበት ሳጣ እንደ ልማዴ ተጠግቼ ሰሌዳውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መረመርኩት። በግራ በኩል፣ ፎቶው በተቆረጠበት ጠርዝ ላይ፣ አካል የሌላቸው ሁለት እጆች ነበሩ። የተጠቀለለ ሰማያዊ እጅጌ። አንዱ አንጓ ላይ ቀጭን ቀይ ክር።

ያንን ክር በየቀኑ አየዋለሁ። የሱዊን እናት በአንድ አዲስ ዓመት ከክፉ ይጠብቅሽ ብላ አስራላት አልፈታችውም። ዱዓው የተደረገላትን ሴት ከፎቶው ቆርጠው አውጥተዋታል፤ እጆቿን ግን ለቁጥር ማሟያ አስቀርተዋቸዋል።

ለሱዊን ደወልኩላትና ያየሁትን ነገርኳት።

«የትኛው ጠርዝ ነው ያልሽኝ?» አለች።

«ግራ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

ሐሙስ ከሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። የፍላቶቹ ሰዎች ከኋላ ተቀመጡ፤ ሱዊን ስትገባ አንዳቸውም ሰላም አላሏትም። እትዬ ማንተግቦሽ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዳንከን በለስላሳ ድምፁ መግቢያ አደረገ፤ ፎቶው በሰፊው ስክሪን ላይ በራ። ከዚያ ሱዊንን ጋበዛት። የኮሚቴው ሰዎች ቀና ብለው ተቀመጡ።

ሱዊን የተዘጋጀላትን ጽሑፍ አልከፈተችም። ወደ ስክሪኑ ሄደች።

«በዚህ ጠርዝ ላይ ሁለት እጆች አሉ። ዳንከን፣ የማን ናቸው?»

«የነዋሪ» አለ ዳንከን።

«የትኛው ቤት ነው የሚኖረው?»

«ያንን አሁን…»

ሱዊን ጃኬቷን አወለቀች። ሰማያዊውን ሸሚዝ ነበር የለበሰችው። እጅጌዋን ጠቅልላ ሁለት እጇን ልክ እንደዚያ ቀን፣ መዳፏን ወደ ራሷ አድርጋ፣ ከስክሪኑ ጎን ዘረጋች። ቀዩ ክር ከቀዩ ክር አጠገብ ታየ።

«የኔ ናቸው» አለች። «እዚያ አልኖርም፤ ድምፅም የለኝም። ያን ቀን እነዚህ ሰዎች እየመረቁኝ ነበር፤ ቤታቸውን ሳላፈርስ ስለነደፍኩላቸው። ይህ ምርጫ ከሆነ እኔም የራሴን ፕላን ለማፍረስ መርጫለሁ ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ስሜ አለ። አውጡት።»

ዳንከን ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እጇን አንሥታ አስቆመችውና ከፊት የሚታዩት ሰውዬ እዚህ አሉ ወይ ስትል ጠየቀች። ጋሽ አብዱልቃድር ተነሡ። እኔ አስተረጎምኩ።

«ፎቶው ላይ ምን እያደረጉ ነበር?»

«ዱዓ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እሷ። ያቆምሽው ይቁም አልኳት።»

«ማፍረሱን ይደግፋሉ?»

ጋሽ አብዱልቃድር ወደ እኔ ዞሩ። «ደንቆሮ ናት እንዴ?»

«ጋሼ፣ በቀጥታ ይመልሱላት።»

«አልደግፍም በያት። ድምፅ ከፈለገችም ይኸው!» አሉና አንድ እጃቸውን፣ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው፣ አነሡ። «እኛ ዘንድ እንቢ ለማለት የሚነሣው ይሄ ነው። የዱዓውን እጅ ግን አትንኩብን!»

እትዬ ማንተግቦሽ ከኋላ ብድግ አሉ። «እኔ ደግሞ አሜን ያልኩት በኢየሱስ ስም ነው! ለዳንከን አላልኩም! ይጻፍልኝ!»

ይህንንም ቃል በቃል ተረጎምኩት። ጸሐፊዋ ጻፈችው።

ኮሚቴው ፎቶው ከማስረጃ እንዲወጣና ነዋሪዎቹ እንደገና፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ እንዲጠየቁ ወሰነ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። በደንብ ከተሰማ ውሳኔው አይፈርስም አላለም፤ ለማፍረስ መልሳችሁ ጠይቁ ነው ያለው። ያንን የመሰለ ነገር በሠራ ሰው ላይ የተፈረደው ፍርድ፣ ሁለተኛ እንዲሞክር ዕድል መስጠት ሆነ። ሰሌዳው በማግስቱ ወረደ፤ ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም። ሱዊን በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረች። ሥዕሎቿ፣ ካፖርቱ፣ ሊፍቱ፣ መስታወቱ በሙሉ ድርጅቱ ኮምፒውተር ውስጥ ቀሩ። አንዲት መስመር እንዳትነካ ጠበቃ አስጠነቀቃት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱዊን ደወለች።

«ቅዳሜ ነፃ ነሽ? መለኪያሽን ያዢ።»

«የማን ሥራ ነው?»

«የማንም አይደለም። የወሰዱት ሥዕሎቹን እንጂ ያየሁትን አይደለም። ሄጄ እንደገና አያለሁ። ነዋሪዎቹ ሲጠየቁ በእጃቸው ሌላ ፕላን መኖር አለበት፤ አለበለዚያ እንቢ ማለት ብቻውን ቤት አያቆምም።»

መለኪያው የራሴ ነው፤ ድርጅቱ አልገዛውም። አብሬያት ሄድኩ። ሱዊን እርሳስ አልያዘችም።

ደረጃውን ስንወጣ አንድ ነገር ጎደለብኝ፤ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በሩ ላይ ስንደርስ ነው። በረኪና አይሸትም። እትዬ ማንተግቦሽ በሩን ከፈቱና ሱዊንን አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ይዘውን ገቡ። አልጋው ከግድግዳው ተስቧል፤ ቁም ሣጥኑም ተነሥቷል። ሻጋታው ከወለሉ ጥግ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። ያንን ግድግዳ ስንት ጊዜ መርምሬው እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር። ሰዎች በዚያ ውስጥ እየተኙ በሽታቸውን ከእንግዳ ሲደብቁ መኖራቸው እንደገና አናደደኝ።

«በሽተኛው ፊቱን አልታጠበም» አልኩ።

«ለእንግዳ ነው የሚታጠበው» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ። «ንገሪያት፣ እሷ ከእንግዲህ የቤት ሰው ናት። ብርቱካኑን ራሷ ትላጥ።»

ሱዊን እጅጌዋን ጠቀለለችና ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት፣ ተቀመጠች። እኔ መለኪያውን ከታችኛው ጥግ ጀመርኩ።